ዓርብ ዓርብ የሚደበዝዘው ፊት

ሰሞኑን አፍንጫዬ ሳላስበው ብዙ ዘመን ወደ ኋላ ጎትቶ ወሰደኝ። ሳሎናችን ካለው ቡፌ ውስጥ፣ ማንም ጠጥቶባቸው ከማያውቅ ብርጭቆዎች መካከል፣ ባለቤቴ እንጉዳይ፣ ኢንተርኔት የሚያመጣውን ራውተር የሚሉትን ዕቃ አስቀምጣ፣ በራሷ እጅ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አልብሳ፣ መስተዋቱን ዘግታ ትቆልፍበት ነበር። ክቡር ዕቃ ነዋ! እኔ ደግሞ ኢንተርኔቱ ከወር ወር እየባሰበት ለምን እንደሚያዘግም ልመረምር ቁልፉን ተቀብዬ ስከፍተው፣ የጋለ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ ፊቴን መታኝ። ወዲያው ራውተሩን ረሳሁት። ያ ሽታ የድሮው ስልክ ቤት ሽታ ነበር። ለማያውቀኝ ሰው፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በደብረ ታቦር የስልክ ማዞሪያ ላይ የሠራሁ ነኝ፤ የዚህን ከተማ ሰላምታ፣ ንዝንዝና ሹክሹክታ ሁሉ በዚህ ጆሮዬ ያሳለፍኩ። ስለዚህ ዛሬ ትከሻውን እየነቀነቀ «ኔትወርክ የለም» የሚለኝን ጎረምሳ ሁሉ ብንቀው አይፈረድብኝም።

ስልክ ቤቱ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ከአንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሞበታል፤ ታች የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል፣ ላዩ ከተሠራ ጀምሮ መስኮት አልተገጠመለትም፣ እርግብ ይራባበታል። ያኔ ግን ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበረ። በፊተኛው ክፍል ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከጥግ ደግሞ ሰው ገብቶ የሚያወራበት በር ያለው የእንጨት ሳጥን። በኋለኛው ክፍል እኔ ከማዞሪያዬ ፊት ተቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ እነቅላለሁ፣ ከሌላው እሰካለሁ። ማዞሪያው ከረፋድ ጀምሮ ስለሚግል የዚህ አገር ብርድ አጥንት ሲሰብር እንኳ እኔ በሸሚዝ ነበር የምሠራው። ከፊት ለፊታችን አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ በስሙኒ ሻይና ቦምቦሊኖ ይዘህ ግማሽ ቀን ብትቀመጥ ማንም ተነሥ የማይልህ። ሬዲዮዋ ሞቅ ያለ ዘፈን ስትለቅ እኔም ገመዴን በምቱ እሰካ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ከባሕር ዳር ጋር ሲጨቃጨቅ ክራሩ በመስመሩ ገብቶበት «ጭፈራ ቤት ነው እንዴ የደወልኩት?» ብሎ ጮኾብኛል።

ያኔ ስልክ ለሰው እንዲሁ አይመጣም ነበር። አስቀድሞ የጥሪ ወረቀት ይመጣል፤ አቶ እገሌ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአዲስ አበባ ልጃቸው ስለሚደውል እንዲገኙ ይላል። ተላላኪያችን ወረቀቱን ለገበያተኛ ይሰጣል፣ ገበያተኛው ለጎረቤት፣ ጎረቤቱ ለባለቤቱ። ከጉና ተዳፋት የሚመጣው ሰው ዋዜማውን በበቅሎ ተነሥቶ ከተማ ዘመድ ቤት ያድራል። ጧት ገላውን ታጥቦ፣ ንጹሕ ጋቢውን ለብሶ፣ ኮት ካለው ኮቱን ደርቦ፣ ለዓመት በዓል ብቻ የምትወጣዋን ሸራ ጫማውን አጥልቆ ከች ይላል። ሴቶቹ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው ነው የሚመጡት። ለማን? ለማያያቸው ሰው! ወንዶቹ ሳጥኑ ውስጥ ሲገቡ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። የአማታቸው ድምፅ ሲመጣ ወገባቸውን አጥፈው እጅ የሚነሡ ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግንባራቸው ከእንጨቱ ተላትሞ ምን ወደቀ ብዬ የተነሣሁበት ጊዜ አለ። ቤታቸው ሳሉ ተማክረው፣ ማን ምን እንደሚል ተከፋፍለው ስለሚመጡ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የማይነገር ነገር አልነበረም። ዛሬ ሰው ለሰው በምስል እየታየ፣ ሽንት ቤት ተቀምጦ፣ በውስጥ ልብሱ ይደውላል። ሰዓቱ አይቆጠርበት፣ የሚናገረውም የለው። «ታዲያስ?» «አለን።» «ታዲያስ?» እንዲህ ሲባባሉ ይመሻል። ለዚህ ነው እንግዲህ ዓለም ሁሉ ገመድ የዘረጋው።

እኔ ኢንተርኔት ያስገባሁት ግን ለታዲያስ አይደለም። ልጄ ትርንጎ ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። ልጇን ቤዛን ጡት እንደጣለች ለእኛ ትታ ሄደች፤ እኔ ነኝ እስከ ሐሙሲት የሸኘኋት፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወዲያ እንጃ። ቤዛ አሁን ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው። ትርንጎ እፎይ የምትለው ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ አሠሪዎቿ ዘመድ ጥየቃ ሲወጡ ብቻ ነው። እንግዲህ ልጅ ዓርብ ዓርብ እናቷን በዓይኗ እንድታይ ተብሎ ነው ያ ገመድ አጥሬን ተሻግሮ የገባው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ትርንጎ ከኛው ሳሎን የተቀመጠች ያህል ነበረች፤ የለበሰችው ሻሽ ላይ ያለውን አበባ ቤዛ አንድ በአንድ ትቆጥረው ነበር። ከዚያ ምስሉ አልፎ አልፎ መቆም ጀመረ። አፏ ተከፍቶ ይቀራል፣ ድምፅዋ ቀድሞ ይመጣል። ቀጥሎ ፊቷ በውኃ የታጠበ ቀለም መሰለ። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ ምስል የሚባል ነገር ቀረ፤ ጥቁር መስተዋትና ድምፅ ብቻ። ይህ ቀስ እያለ የሚመጣ ነገር ነው ሰውን የሚያታልለው፤ አንድ ቀን ድንገት ቢጠፋ ኖሮ በማግሥቱ እንነቃ ነበር።

አንድ ዕለት ቤዛ ደብተሯ ላይ ሰው ስትሥል እንጉዳይ ማን እንደሆነች ጠየቀቻት። እናቴ ናት አለች። ዓይን የላት፣ አፍ የላት፣ ክብ ብቻ። «ፊቷስ?» ብትላት፣ «እማዬ ፊቷ ምን ይመስል ነበር?» ብላ መልሳ ጠየቀቻት። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ብናሳያት፣ «እሷ የድሮዋ ናት» አለችን። እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር ሰምቼ አሳልፌአለሁ፤ ያቺ «ነበር» የምትለዋ ቃል ግን አላልፍ አለችኝ። ይህች ልጅ እናቷን በቁሟ ልትረሳት ነው አልኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከዚያ ሳጥን ጋር ጦርነት ገጠምኩ።

በመጀመሪያ ባለሙያ ተብዬው ተጠራ። ባጃጅ ተሳፍሮ፣ በደመና ቀን ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ። ቡፌውን በሩቁ አየት አድርጎ፣ «አጥፍታችሁ አብሩት» አለን።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ካልሆነ ደግሞ አጥፍታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ አብሩት። አባቴ፣ ስንት ሰው ነው የሚጠቀመው?»

«ዓይን የለህም? ሦስት ነን። አንዷ ማንበብ አትችልም፣ አንዷ ገና ፊደል ትቆጥራለች፣ እኔ ደግሞ አልወደውም።»

«ሦስት ሰው ብቻ ከሆነ እንዲህ ባልከበደው ነበር» ብሎ ራሱን እያከከ ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኩ በልቤ። እኔ ወጣት ሳለሁ መስመር የሚጠግን ሰው ገመድ በትከሻው ተሸክሞ፣ እንጨት ላይ ወጥቶ፣ ዝናብ ጠጥቶ ነበር የሚጠግነው። ይሄኛው መፍቻ እንኳ አልያዘም። የያዘው የራሱን ስልክ ነው፤ እሱንም ሲያናግረኝ እየነካካ።

ሥራውን ራሴ ያዝኩት። በድሮው ልማዴ ገመዱን ከምሰሶው እስከ ግድግዳው በእግሬ ተከትዬ መረመርኩ። አይጥ በልታው ይሆናል ብዬ ጣሪያ ሥር ገባሁ። የጎረቤት ኮክ ቅርንጫፍ ይነካዋል ብዬ አስቆረጥኩ፤ ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ስለ ኮኩ ያነሣል። ከጉና የሚወርደው ጉም ነው ብዬ ጉሙ እስኪገልጥ ጠበቅሁ፤ ጉሙ ገለጠ፣ ኢንተርኔቱ አልገለጠም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። በመጨረሻ ነው እንግዲህ ቡፌውን የከፈትኩትና ያ ሽታ ያገኘኝ። ዳንቴሉን ስገፍፍ እንጉዳይ የተገፈፈችው እሷ የሆነች ያህል ደነገጠች።

«ራቁቱን ሊያስቀምጡት ነው? እንግዳ ቢመጣስ?» አለችኝ።

«አንቺ ሴት፣ ይሄ ዕቃ መተንፈስ አለበት።»

«እርስዎ ደግሞ! ትንፋሽ ያለው ነገር ነው?»

ከቡፌው አውጥቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ለሁለት ቀን ያህል ነፍስ የዘራ መሰለ። ዓርብ ሲመጣ እንደገና ያው፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። «ትሰሚኛለሽ?» «ትሰሙኛላችሁ?» ስንባባል የልጄ ሰዓት አለቀ። ቤዛ ስልኩን ገልብጣ ጀርባውን አየችው። እናቷን ከዚያ በኩል የምታገኛት መስሏት እንደሆነ እንጃ።

የችግሩን ሥር ያገኘሁት በብልሃቴ አይደለም፤ መብራት ጠፍቶ ነው። የግቢያችን አጥር የድንጋይ ካብ ነው። ከዚያ ካብ ሥር ከጥቂት ወራት ወዲህ ጎረምሶች ይቀመጡ ጀመር። መጀመሪያ ሁለት ነበሩ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ሴቶችም ተጨመሩ፣ አንዳንዱ ከቤቱ በርጩማ ይዞ ይመጣል። እኔ ፀሐይ የሚሞቁ ነበር የሚመስለኝ። እንዲያውም ስወጣ ስገባ ሁሉም ብድግ ብለው «እንደምን ዋሉ አባባ!» ስለሚሉኝ፣ ይህ ትውልድ ለሽማግሌ ያለው ክብር ጨርሶ አልጠፋም ብዬ ለወዳጄ ለሰይድ በኩራት አውርቼለታለሁ። ሰይድ ከኛ ማዶ የጨርቅ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ ሰምቶኝ ሳቀ። ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሳለ መብራት እልም አለ። በዚያችው ቅጽበት ከካቡ ማዶ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በአንድ አፍ «ኤጭ!» የሚል ድምፅ ተነሣ። ቀጥሎ የአንዷ ድምፅ፣ «የአባባ ጠፋ፣ ተነሡ!»

የአባባ ጠፋ! ብድግ ሲሉልኝ የነበረው ለሽበቴ አልነበረም፤ ለሳጥኔ ነበር። ወጥቼ አየኋቸው፤ ስልካቸውን እያጠፉ ይበተናሉ። አንዱ ጭፈራ ሲያይ ነበር፣ አንዱ በማያውቀው አገር ኳስ ላይ ገንዘብ ያስይዛል፣ አንዷ የራሷን ፊት ከመቶ አቅጣጫ አንስታ ለዓለም ትልካለች። የኔ ቤዛ የእናቷን ፊት እንድታይ የገባው ገመድ የሰፈሩን ፊት ሁሉ ሲያመላልስ ከርሟል ማለት ነው። ገብቼ እንጉዳይን ጠራኋት።

«ማን ነው የይለፍ ቃሉን የሰጣቸው?»

«እኔ ነኛ» አለች፣ ጨው ሰጠሁ እንደሚል ሰው።

«አንቺ ማንበብ አትችይ! እንዴት አድርገሽ ሰጠሽ?»

«ገልብጬ አስነብባቸዋለሁ። ከሆዱ ላይ ተጽፏል አይደል? በመጀመሪያ የጎረቤታችን የዘነቡ ልጅ መጣች፣ ‹እማማ፣ ለፈተና ነው› አለችኝ። ከዚያ ወንድሟ። ከዚያ ያም መጣ፣ ያችም መጣች። እሳት ልጭር ብሎ ኸደጄ የመጣን ሰው በባዶ እጁ ልመልሰው? እርስዎ ያገቡኝ ኸእንዲያ ያለ ቤት ነው?»

ምን ይባላል? እኛ ባደግንበት አገር ክብሪት የሌለው ቤት ከጎረቤት እሳት ይጭራል። ድስት የማይዋዋሱ ባለጋራዎች እንኳ እሳት አይከላከሉም፤ የነፈገ ሰው ስሙ ከሰባት ቤት ይወጣል። ፍም ደግሞ ሰጠህ ብሎ አይቀንስብህም፤ ምድጃህ ያው ይነዳል። እንጉዳይ በዚያ ሕግ ሄደች። ይህ አዲሱ ነገር ግን በጫሩት ቁጥር የሚጎድል እሳት መሆኑን ማን ነገራት? እኔስ፣ ስንት ሰው ይጠቀማል ብሎ በመጀመሪያው ቀን የጠየቀኝን ያን ባለ መነጽር አባርሬ የለ? ቢሆንም ያን ጊዜ ይሄን ለማሰብ ትዕግሥት አልነበረኝም። በነጋታው ባለ መነጽሩ ተጠርቶ መጣና ቃሉን ለወጠው። «እኔ እኮ ጠይቄዎት ነበር አባቴ» አለኝ። ሂሳቡን ከፍዬ አሰናበትኩት።

ሰፈሩ ተቀየመን። ካቡ ሥር ሰው ጠፋ፣ ብድግ የሚልልኝም ጠፋ። ዕቃ ገዝቼ ስመለስ ያ «እንደምን ዋሉ አባባ» ወደ ራስ ንቅነቃ ወርዷል። ይህስ ግድ አልነበረኝም፤ ንቀት ለንቀት ነው። ግን እንጉዳይ ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን መጣች። ሁልጊዜ አራት አምስት ሆነው፣ እያወጉ፣ ደጃችን ቆመው ሌላ ዙር አውርተው ነበር የሚለያዩት። ገብታ ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠችና፣ «እሳት የነፈገች ተባልኩ» አለችኝ።

በሳምንቱ መካከል ሰይድ ሱቁን ለልጁ ትቶ መጣ።

«ወዳጄ፣ አንተም ልክ ነህ፣ ሰዉም አላጠፋም» አለኝ። «የኔዎቹም ልጆች ካንተው ነበር የሚጭሩት። ወላሂ ይጎድላል ብሎ ያሰበ የለም። አንተስ መች ነገርከን? ለምን እንዳስገባኸው ብንሰማ ማን እጁን ይሰድ ነበር?»

«የልጄን ነገር በየደጁ ልለምን?»

«ልመና አይደለም። በል፣ ቃሉን መልስላቸው፤ እኔ ደግሞ ቤት ለቤት እናገራለሁ። ዓርብ ከሰዓት የትርንጎ ነው። ከጁምዓ መልስ እስከ ማታ ማንም እጁን አያስገባም። ይህን ያፈረሰ ከኔ ጋር ነው ጠቡ።»

እኔ በዚህ ትውልድ ቃል አላምንም፤ አሁንም ለሰይድ ስል ነው እሺ ያልኩት። ጭፈራውን ትቶ፣ የኳስ ውርርዱን ትቶ፣ ለማያውቃት ሴት ሲል ግማሽ ቀን እጁን የሚሰበስብ ጎረምሳ አለ ብላችሁ ብትምሉልኝ እስቅ ነበር። ዓርብ ደረሰ። ምሳ እንደበላን በመስኮት አየሁ፤ ካቡ ሥር ድመት እንኳ የለም። የዘነቡ ልጅ በደጃችን ስታልፍ ስልኳን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፤ አጥፍታዋለች። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ አንድም ሰው እጁን አላስገባም። እውነቴን ነው የምለው፣ ልቤ ተነካ፤ ተናድጄም ጭምር፣ ሰዎቹ እንደናቅኋቸው ሆነው ስላልተገኙልኝ።

ቤዛ የዚያን ዕለት የምታሳየው ነገር ስለነበራት ከጧት ጀምሮ መቀመጥ አልቻለችም፤ ረቡዕ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር። ስልኩ ጠራ። የትርንጎ ድምፅ እንደ ንጹሕ ውኃ ኩልል ብሎ ገባ፤ መቆራረጥ የለ፣ መዘግየት የለ። ምስሉ ግን ጥቁር ነው።

«አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

«እማዬ! ጥርሴ ወለቀ! እዪ!» ቤዛ አፏን ስልኩ ላይ ልትለጥፈው ደረሰች።

«አየሁት የኔ ቆንጆ! እሰይ፣ ትልቅ ሰው ሆንሽ!»

«እኔ ግን አላይሽም።»

«ኔትወርክ ነው እናቴ። እዚያ እናንተ ጋ ነው መሰል።»

እኛ ጋ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እጁን ሰብስቦ የተቀመጠበት፣ እንደ መስተዋት የጠራ መስመር ላይ ሆና፣ የቤዛን ጥርስ አየሁት እያለች፣ እኛ ጋ ነው ትላለች። ያን ጊዜ ነው ጆሮዬ የነቃው። ማዞሪያ ላይ ሳለሁ በእኛ አገር መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቅ ነበር። አባቱ የሞተበትን ልጅ፣ «አባትህ ትንሽ አሟቸዋል፣ ብቅ ብትል» ነው የሚሉት። ልጁ ደግሞ፣ «እሺ፣ መጣሁ» ይላል። በሁለቱ መካከል የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ ከድምፃቸው ውስጥ ሬሳውን የምሰማው። ትንሽ፣ ደህና፣ ምንም አይል፤ ከነዚህ ቃላት ጀርባ ያለውን ለመስማት አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ነበር። የሰውን ሁሉ እንዲያ ስሰማ የኖርኩ ሰው፣ የገዛ ልጄ ከፋሲካ ጀምሮ «ኔትወርክ ነው» ስትለኝ ገመድ ተከትዬ ጣሪያ ሥር ገባሁ፣ የሰው ኮክ አስቆረጥኩ። አሁን ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ሰ የሚለውን ድምፅ ስታወጣ ከመካከሉ ትንሽ አየር ያፏጫል። ይህን ፉጨት ለወራት ሰምቼዋለሁ፤ መስመሩ ነው ብዬ።

«ትርንጎ» አልኳት። «የእኛ መስመር ደህና ነው። ምስሉን ክፈቺው።»

«አባዬ፣ ይቅርብዎ።»

«ክፈቺው ልጄ።»

እንጉዳይ እኔን አየችኝ፣ ስልኩን አየች። ብዙ ቆይቶ ጥቁሩ ተገለጠ። ልጄ ነበረች፤ ከስታለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። «ከደረጃ ወድቄ ነው» አለች ከእጇ ሥር፤ ይህንንም ሰማሁት፣ ከጀርባው ያለውን ጭምር። ከዚያ እጇን አወረደችው። ከፊት ሁለቱ ጥርሶቿ የሉም፣ የላይ ከንፈሯ ተሰንጥቆ የዳነ ነው። እንጉዳይ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። ያ ሁሉ ንቀቴ፣ ያ ሁሉ ምላሴ፣ አንድ ቃል እንኳ አላዋጣልኝም።

ቤዛ ግን በመካከላችን ሾልካ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ፊቷ በራ።

«እማዬ! ያንቺም ወለቀ! እንደኔ! ጣሪያ ላይ ወረወርሽው?»

ትርንጎ ለአፍታ አየቻት። «አይ የኔ እናት፣ እዚህ አገር ጣሪያው ሩቅ ነው፤ አልደረስኩበትም።»

«ታዲያ አዲስ አይበቅልልሽማ!» አለች ቤዛ፣ ተቆጥታ። «ይዘሽው ነይ። የኛ ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው፤ እኔ እወረውርልሻለሁ።»

ትርንጎ አለቀሰች። ምስሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም፤ እስከ መጨረሻው አየናት።

«ልጅሽ የምትልሽን ስሚ» አልኳት።